«ገና ነው» ያለኝ ሐኪም፦ ሀዋሳ ላይ ለታመመች ድመቴ ጓደኛ ሳመጣ

ሀዋሳ ውስጥ ድመት ታሞባችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ግራ የገባችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ኅዳር ላይ ልክ እንደዚያ ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ቤት ለቤት እየዞረ ስለሚያክም አንድ የእንስሳት ሐኪም ልጻፍ። አምስት ወር ሙሉ እየተመላለሰ አክሞልናል። ስሙን እዚህ አላወጣም። ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ላሙም በጉም ውሻውም የሚጠብቀው እሱን ነው፤ «ስልኬ ከተጨናነቀ ለማንም አልደርስም» ብሎ ራሱ ነው የለመነኝ። የምር የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቁጥሩን እሰጣለሁ።

ነጥቤን ከፊት ላስቀምጥ። ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ እደርስበታለሁ። አራት ተኩሉን ያገኘው ግን መርፌ ስለወጋ ወይም መድኃኒት ስላዘዘ አይደለም። «ገና ነው» ስላለኝ ነው። ሦስት ጊዜ ብሎኛል። ሦስቱንም ጊዜ ከፍቶኛል፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበር።

ድመቴ ቡላ ትባላለች። 11 ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣችላት እማዬ ናት፤ ጸጉሯ ከገበያ እንደምናመጣው ቡላ ነጣ ያለ ስለሆነ። እህቷ ጥቁሬ አምና ነሐሴ ላይ በእርጅና ሞተችብን። አንድ ካርቶን ውስጥ ተኝተው፣ አንዷ የሌላዋን ጆሮ እየላሰች ነው ያደጉት። ጥቁሬ ከሄደች በኋላ ቡላ ሌሊት ሌሊት መጮህ ጀመረች። ሳሎን መሃል ቆማ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ ጩኸት። እማዬ «ብቸኝነት ነው፣ ጓደኛ አምጪላት» አለችኝ። እኔም አመንኩ። እንዲያ ስትጮህ የሰማ ሰው ሌላ ምን ያስባል?

በዚያው ሰሞን ውሃ ታበዛ ነበር። ድሮ ውሃ ስትጠጣ አይቻት የማላውቃት ድመት ባልዲ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ትጠጣለች። የምትሸናበት ሳፋ ውስጥ የምናደርገው ሰጋቱራ በቀን ሁለት ጊዜ ይርሳል። ዝናቡ ወጥቶ ፀሐይ ስለበረታ ነው ብለን አለፍነው። ክብደቷም ቀንሶ ነበር፣ ግን ጸጉራም ስለሆነች በዓይን አይታይም። እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳልፍ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ኀዘን ነው አልኩ።

ከዚያ ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ አንዲት ግልገል ድመት አገኘሁ። አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር የዓሣ አንጀት ትለቅማለች፣ አንድ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል። አንጀቴ ተላወሰ። በባጃጅ ይዣት መጣሁና ቡላ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። በቃ፣ እንዲሁ። በአንድ ሳህን አበላኋቸው። ግልገሏ ስታስነጥስ «በርዷት ነው» አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ቡላም አስነጠሰች። በስድስተኛው ቀን አፍንጫዋ ተዘጋ። በሰባተኛው ምግብ ተወች። ድመት ደግሞ ካላሸተተች አትበላም። የከተማችን አንድ ቦታ ወሰድኳት፤ ማን እንደሆነ መጥራት አልፈልግም። ሰውየው ከዘንቢሉ እንኳ ሳያወጣት፣ ክብደቷንም ሳይጠይቀኝ መርፌ ወግቶ ገንዘቡን ተቀበለኝ። በማግስቱ አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ «ለሰውም ለድመትም ጉንፋን ያው ነው፣ ፓራሲታሞል ግማሹን ስጫት» አሉኝ። እግዚአብሔር አትርፏት አልሰጠኋትም፤ ፍሬውን ገምሼ በማንኪያ እየደቆስኩ ሳለ ጎረቤታችን ደርሳ ነው ያስጣለችኝ። ይህን እባካችሁ ያዙልኝ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፣ አንድ ፍሬ እንኳ ይበቃል። የሰው መድኃኒት ለድመት ከሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም።

ሐኪሙን ያገኘሁት በዚችው ጎረቤታችን ነው። ላሞች አሏት። አንዷ ላም ጡቷ አብጦ ሊያያት መጥቶ ነበርና አጥር ላይ ቆሜ ጠራሁት። ጫማውን ታጥቦ፣ እጁን በሳሙና ሁለቴ አሽቶ ገባ። ሲገባ ድመቷን አልነካም። ወለሉ ላይ ተቀመጠና ዝም ብሎ አያት። አሥር ደቂቃ ያህል። እማዬ ቡና ልታፈላ ተነሣች፣ እኔ ደግሞ «ይሄ ሰው ምን እየጠበቀ ነው?» እያልኩ እቁነጠነጣለሁ። ለካ አተነፋፈሷን እየቆጠረ ነበር።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ዓይኔ ላይ አለ። ከቦርሳው የገበያ ሰዎች የሚይዟትን ዓይነት የምትንጠለጠል ሚዛን አወጣ። ቡላን ዘንቢል ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ አስገባና ዘንቢሉን መንጠቆው ላይ ሰቀለው። ከዚያ አውጥቷት ባዶ ዘንቢሉንና ፎጣውን መዘነ። ቀነሰ። 3.1 ኪሎ። ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያችንን አወረደና ኅዳር ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። «ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ እዚሁ ትጽፊያለሽ» አለኝ። ያች የቀን መቁጠሪያ አሁን በቁጥር ተሞልታለች፤ ስለ ቡላ ጤና ከምላሷም ከዓይኗም በላይ የነገረችን እሷ ናት።

የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው። ወዲያው መመለስ ሲገባው እንደ ሊጥ ቆሞ ቀረ። ሰውነቷ ደርቋል ማለት ነው። አፏን አሸተተ። ሆዷን ዳሰሰና ፊቱ ቅጭም አለ። «ኩላሊቶቿ ትንንሽና ጠጣር ሆነውብኛል» አለ። ደም ወስዶ ሄደ።

የኩላሊት በሽታ ክፋቱ ዝምታው ነው። እንዳስረዳን፣ ኩላሊት ማጣራት የሚገባው ክሪያቲኒን የሚባል ቆሻሻ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ከኩላሊት አቅም ሦስት አራተኛው ገደማ ሄዷል። የቀረው ሩብ ሽንቱን ማጠንከር ስለማይችል ድመቷ ብዙ ትሸናለች፣ ብዙ ስለምትሸና ብዙ ትጠጣለች። ባልዲው ላይ መንጠልጠሏ ይህ ነበር። የመጀመሪያው የክሪያቲኒን ውጤት 3.4 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሆነ። በሽታው አራት ደረጃ አለው፤ ከ2.9 እስከ 5.0 ሦስተኛው ነው። እማዬ አለቀሰች። እሱ ግን «ማዘር፣ ይሄ የደረቀች ድመት ቁጥር ነው፤ ውሃ ሰጥተናት ጉንፋኑም ሲለቃት እንደገና እንለካ» አላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ 2.7 ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ። አይድንም፤ ግን ተይዞ ይኖራል።

የሌሊቱን ጩኸት ነገርኩት። ብቸኝነት ነው አልኩት። ቶሎ አልተስማማም። ያረጀች ድመት ሌሊት የምትጮኸው የደም ግፊት ሲኖርባት፣ አንገቷ ላይ ያለው የዕንቅርት ዕጢ ሥራ ሲያበዛ፣ ወይም በእርጅና ግራ ሲገባት ሊሆን ይችላል አለኝ፤ ኩላሊትና ግፊት ደግሞ አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ነው ግማሿን ነጥብ የቀነስኩት። ለድመት እግር የምትሆን ትንሽ የግፊት መለኪያ አልነበረውም። በባትሪ ዓይኗን አየና «ብሌኗ ሰፍቶ ከቀረ ወይም ከዕቃ ጋር ከተጋጨች ሌሊትም ቢሆን ደውይ» አለኝ። መለኪያዋን ከሥራ ባልደረባው ተውሶ ያመጣት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደግነቱ ግፊቷ አልከፋም። ግን ሁለት ወር በዚያ ጭንቀት መቆየት አልነበረብኝም።

የመጀመሪያው «ገና ነው» የመጣው ያን ቀን ነው። «ታዲያ ጓደኛ አታስፈልጋትም?» አልኩት። «እህቴ፣ ገና ነው። አሁን የሚያስፈልጋት መብላት ነው» አለኝ። ግልገሏን ከሷ ለየን። በጠብታና በመድኃኒት ዳነች፤ አሁን ላሞች ያሏት ጎረቤታችን ዘንድ ወተት እየጠገበች ታድጋለች፣ አጥር ላይ ሳያት ደስ ይለኛል። የተወችልን ነገር ግን አለ። የድመት ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ ሄርፐስ ነው፤ የሰው አይደለም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዴ ከገባ አይወጣም። ተኝቶ ይቆይና ድመቷ ስትጨነቅ ይነሣል። እንግዲህ አስቡት። ኩላሊቷ የታመመ፣ ስትጨነቅ ጉንፋን የሚነሣባት፣ ጉንፋን ሲነሣባት የማትበላ፣ ካልበላች ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉበቷ በስብ የሚሞላ ድመት አለችኝ። እኔ ደግሞ ጓደኛ ላመጣላት እፈልጋለሁ።

ውሃ ከቆዳ ሥር መስጠት አስተማረኝ። ይህን ጎበዝ አድርጎ ነው ያስተማረኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለው ከረጢት ነው፣ የኛው ግን ሪንገር ይባላል። ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። እንደ ሕፃን ወተት አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ታያላችሁ። ትከሻዋ መሃል ያለውን ቆዳ እንደ ድንኳን ከፍ ታደርጉና መርፌውን ከድንኳኑ ሥር ታስገባላችሁ። 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ቀን እየተዘለለ፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሲያልቅ ትከሻዋ ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ይቀራል፣ አንዳንዴ ወደ ክንዷ ይወርዳል፣ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። የመጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠና ሁለት ጊዜ ቆዳዋን በስቼ አሳለፍኩት፣ ውሃው ሁሉ ጸጉሯ ላይ ፈሰሰ። እሱ አልተቆጣም። «ደግሚው» ብቻ አለኝ። አሁን እማዬ ቡላን በጋቢ አቅፋ እየዘመረችላት ስምንት ደቂቃ ይፈጅብናል።

ምግቡ ላይ ተጨቃጨቅን። ሀዋሳ ተወልዳ ዓሣ የማትበላ ድመት? የኛ ቤት ድመቶች በቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት ነው ያደጉት። እሱ ግን የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል፣ አጥንት ደግሞ ፎስፈረስ ነው ብሎ ጭንቅላትና አጥንቱን ከለከለ። የኩላሊት ሕመምተኛ ድመት ምግብ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እናስመጣለን፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ውድ ነው። ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደምናደርግ ተጨንቄ ስጠይቀው፣ ለጥቂት ቀን የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከእንቁላል ነጭ ጋር ስጪ፣ ግን እሱ ብቻውን ቋሚ ምግብ አይሆንም አለኝ። ወጥ ደግሞ ጨርሶ የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በጾም ስንት ቤት ነው ድመት ሽሮ ፍትፍት የሚሰጣት? እኛም እንሰጥ ነበር። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፣ እኛ ስንጾም እሷ መጾም የለባትም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቡላ 3.3 ገባች። አዲስ አበባ የምትሄድ አንዲት ሴት ድመቷን ልትሰጠኝ ፈለገች። ደስ ብሎኝ ደወልኩለት። «ገና ነው» አለኝ። ሁለተኛው። «ክብደቷ ሦስት እሑድ ተከታታይ ሳይወርድ ይቆይ። እስከዚያ ስለ አዲሷ ንገሪኝ። ስንት ዓመቷ ነው? ተጫዋች ናት ወይስ ሰከን ያለች?» ግልገል ብትሆን ኖሮ እንቢ ይል ነበር። ግልገል ቀኑን ሙሉ መታገል ትፈልጋለች፣ የታመመች አሮጊት ላይ ስትዘል ትውላለች። ይቺ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ናት፣ እንዳትወልድ ተደርጋለች፣ ከሌላ ድመት ጋር ኖራ ታውቃለች። ጸጉሯ ዳማ ነው፣ ስሟም ዳማ ሆነ።

ዳማ ቤት ሳትገባ ነው የመረመራት። እንደ ወባ ፈጣን መመርመሪያ ያለች ነገር ላይ ጥቂት ደም ጠብ ያደርጋል፣ አሥር ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ሁለት በሽታ ነው የምታየው። አንዱ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ነው፤ በምራቅ፣ በመላላስ፣ በአንድ ሳህን በመብላት ይተላለፋል። ሌላው የሰውን ኤችአይቪ የሚመስል የድመት ቫይረስ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ጥልቅ ንክሻ ይፈልጋል፣ ወደ ሰው አይመጣም። ሁለቱም ነጻ። ግን በቅርቡ የያዛት ከሆነ ላይታይ ስለሚችል ከ60 ቀን በኋላ ይደገማል አለ። እስከዚያ ሳህን አይጋሩም፣ አይላላሱም።

የክትባቱ ነገር ሌላ ጥሩ ምልክት ነበር። ክትባቱ ከአዲስ አበባ ሲደርሰው በረዶው ቀልጦ ዕቃው ሞቆ አገኘው። «ይሄን አልወጋም» ብሎ መለሰው። ስምንት ቀን ዘገየብን። ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዝም ብሎ ቢወጋ ማን ያውቅበት ነበር? ሲመጣ ዳማን ለጉንፋኑም ለተቅማጡም ለእብድ ውሻ በሽታም ከተባት፤ የጉንፋንና የተቅማጡን ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገመው።

ዳማ ሰርቪስ ቤት ገባች። የራሷ ሳፋ፣ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ጨርቅ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ ቡላን፣ ከዚያ ዳማን፤ ከዳማ ስወጣ ሽርጤን በሩ ላይ ሰቅዬ እጄን ታጥቤ። ተገላቢጦሽ የለም። ሁለት ሳምንት ሳታስነጥስ አለፈች። ክትባቷ እስኪሞላ ግን እዚያው ቆየች።

ከዚያ የሽታ ልውውጥ መጣ። ያረጀ ነጠላ ለሁለት ቀደድን። ግማሹን የዳማን ጉንጭ አሸንበት፣ ጉንጫቸው ላይ ነው የሚያረጋጋው ሽታ ያለው፣ ከዚያ ከቡላ ሳህን ሁለት ክንድ ርቀት አስቀመጥነው። ቡላ አየችው፣ እፍፍ አለችበት፣ መብላቷን ቀጠለች። መለኪያችን ይሄ ነበር። ይህን ሐኪሙ ደጋግሞ ነው የነገረኝ። «እፍፍ ማለቷን ተይው። ሳህኑን እዪ። ከበላች ወደፊት፣ ካልበላች አንድ እርምጃ ወደኋላ።» በየሁለት ቀኑ ጨርቁን በስንዝር አስጠጋን። በስድስተኛው ቀን ቡላ ጨርቁ ላይ ተኛች። እማዬ ጠርታኝ በጣቷ አሳየችኝ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን።

ቀጥሎ በር። መጀመሪያ አጎበር ልሰቅል ነበር፣ ዳማ በአንድ ጥፍር ቀደደችው። ሰፈራችን ያለ በያጅ የብረት ፍሬም ሠርቶ የዶሮ ሽቦ ወጠረበት። 1,800 ብር። ሥራው ጠንካራ ነው፣ ግን የሽቦው ጫፎች ሳይታጠፉ ቀርተው እጄን ቆረጡኝ፤ በፒንሳ አንድ በአንድ አጠፍኳቸው። የምታሠሩ ከሆነ ከመረከባችሁ በፊት ዳር ዳሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ዳማን ወደ ጓዳ አዛወርናትና በሩ ላይ ሽቦውን ተከልነው። ላዩ ላይ አንሶላ ሰቀልን። በሁለቱም ወገን ሳህን፤ በየቀኑ አንሶላውን ጥቂት ከፍ።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንሶላው ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ሁለቱ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ። ዳማ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ጨፈነች፣ ድመት ስትተማመን የምታደርገውን። ልቤ ዘለለ። «ልክፈት?» ብዬ ደወልኩ። «ገና ነው። አሥር ቀን ቁጠሪ።» ሦስተኛው። ለምን አሥር? ድመት ስትጨነቅ ሄርፐሱ ወዲያው አይነሣም፣ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ዛሬ ደህና መስላ ከሳምንት በኋላ ልትታመም ትችላለች። አላመንኩትም ማለት ይቻላል። በስምንተኛው ቀን ቡላ አስነጠሰች። አንድ ዓይኗ አለቀሰ። ያን ቀን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ፣ ጭንቀቱ ላይ ጭንቀት ጨምሬባት ነበር። አንሶላውን ግማሽ መለስነው፣ ዓይኗን በለብ ውሃ ጠረግን፣ ምግቧን አሙቀን ሽታው እንዲወጣ አደረግን። መብላት አላቆመችም። በስድስት ቀን ለቀቃት። ኪሎዋ 50 ግራም ብቻ ወረደ።

የ60 ቀኑ ምርመራ መጋቢት ላይ ተደገመ፣ ነጻ። በሩን የከፈትነው ሐኪሙ ባለበት ነው። ዳማ ወጣች፣ ሳሎኑን ዳር ዳሩን ዞረች፣ ቡላን አላየቻትም መሰለች። ቡላ አንዴ እፍፍ አለች፣ አንዴ በጥፊ አየሩን መታች። አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ዳማ ወደ ጓዳ። በማግስቱ አሥራ አምስት። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ቀን ሙሉ አብረው መዋል የደረሱት። ሌሊት አሁንም ይለያያሉ።

ሁለት ድመት ሲኖር አንዷ ታማሚ ከሆነች ችግሩ የሽንቱ ነው። የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ኩላሊቷን መከታተል አትችሉም። ሦስት ሳፋ አለን። ቡላ ሰጋቱራ ለምዳለች፣ ዳማ አሸዋ ትወዳለች፣ እስካሁን አልተቀያየሩም። በምግብም ዳማ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ትበላለች፣ ቡላ እዚያ መውጣት አትችልም። ዳማ አንዳንዴ የቡላን ትሰርቃለች፤ ጥቂት ብትቀምስ አይጎዳትም ብሎናል። የዳማ ምግብ ቡላ ዘንድ እንዳይደርስ ነው መጠንቀቅ።

ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፦ አንድ ጉብኝት 500 ብር ነው የሚያስከፍለው፣ ደም ምርመራና ክትባት ለብቻ ይታሰባል። ወደ ገጠር ሲወጣ ስልኩ አንዳንዴ ሁለት ቀን አይሠራም፤ ይህን አስቀድሞ ስለሚነግራችሁ ለድንገተኛ ነገር ሌላ ሰው ይዛችሁ ቆዩ። የሚሰጠው ወረቀት በእጅ የተጻፈ ነው፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል፣ እያንዳንዱ መድኃኒት በምን ሰዓት ስንት እንደሆነ አለ። ስንደውል «የእሑዱ ስንት ሆነ?» ነው መጀመሪያ የሚለው።

የሌሊት ጩኸቱ አልጠፋም፣ ግን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሆኗል። የቀነሰው ዳማ ከመምጣቷ በፊት ነው፤ ሰውነቷ ውሃ ሲያገኝና ሳሎን ውስጥ ትንሽ መብራት አብርተን ማደር ስንጀምር። ስለዚህ ዳማ አዳነቻት አልልም። እንደ ጥቁሬ ጆሮዋን አልላሰችላትም፣ ምናልባትም አትልስላትም። ግን ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ቡላ ምንጣፉ ላይ ትጋደማለች፣ ዳማ መጥታ አንድ ክንድ ርቃ ትተኛለች፣ ቡላም አትነሣም።

ለፋሲካ ዶሮው ወጥ ውስጥ ሳይገባ እማዬ ከደረቱ ሁለት ቁራጭ አስቀርታ ያለ ጨው ቀቀለች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳማ መደርደሪያዋ ላይ፣ ቡላ ወለሉ ላይ፣ ሁለቱም በየሳህናቸው በሉ። የዚያ እሑድ ሚዛን 3.5 አለ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ቡላ ወደ ባልዲዋ ሄደች። ዳማም ውሃ ፈልጋ ወረደች፣ ግን ቡላ ጠጥታ እስክትጨርስ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። የሽቦው በር እስካሁን ጓዳው ላይ እንደቆመ ነው። ላንሣው ወይ ብዬ ገና አልጠየቅኩትም።